ተቀጣጣዩ አውቶቡስና የጎንደር መንገድ

ሐሙስ

አውሮፕላኑ ጣናን አልፎ ዝቅ ሲል የደምቢያ ሜዳ ከታች ተዘረጋ። ወሩ ጥቅምት ነው። ማሳው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኗል። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እንደወጣሁ ባለ ኮንትራት ታክሲዎች ከበቡኝ። አመስግኜ አለፍኳቸው። አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ሚኒባስ ጠበቅሁ። ወደ ከተማ መግባት የፈለግሁት እንደ አዘዞ ሰው ተጋፍቼ ነው።

ጎንደር የመጣሁት ስለ አውቶቡስ ለማውራት ነው። ሰው ለፋሲል ግንብ ይመጣል፣ ለጥምቀት ይመጣል። እኔን ያመጣኝ ተቀጣጣዩ አውቶቡስ ነው። ወገቡ ላይ የሚታጠፈው፣ ሁለቱን ክፍሎች ሽንሽን ላስቲክ የሚያገናኛቸው ረጅሙ። አዲስ አበባ ላይ የአንበሳን ቀለም ለብሶ ሲሄድ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለገሃር ተርሚናል ቆሜ ስጠብቀው መጀመሪያ ግንባሩ ብቅ ይላል። ከዚያ አካሉ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አሁንም ይመጣል። ሰልፉ ቢረዝምም ብዙ አንጨነቅም ነበር፤ ሆዱ ሰፊ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው መሃል፣ ክቡ ወለል ላይ ነው። ሲታጠፍ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይዞራል። ፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉ ኋላ ያሉት ገና ቀጥ ብለው ይመጣሉ። ቲኬት ቆራጩ ጋ መድረስ ያቃተው ሰው ሳንቲሙን ለጎረቤቱ ይሰጣል። ሳንቲሙ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ቲኬቱና መልሱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። አንድም ቀን መልስ ጎድሎብኝ አያውቅም። የማይተዋወቅ ሰው እንዲህ የሚተማመንበት ሌላ ቦታ በዚያ ትልቅ ከተማ ውስጥ አላየሁም። ሰፈር ከቀየርኩ ወዲህ አልተሳፈርኩበትም። ግን ከሐሳቤ አልወጣም።

ይህን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቁት የእናቴ ወንድም ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሃንጋሪ ተልከው ቡዳፔስት ላይ መካኒካል ምህንድስና ተማሩ። ተመልሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሲያስተምሩ ኖሩ። ስልክ በተደዋወልን ቁጥር ወሬያችን ዞሮ ዞሮ አውቶቡስ ላይ ያርፋል። «መጥተሽ ፊት ለፊት እናውራ» ካሉኝ ቆይቷል።

ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ በሩን ከፈተ። ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ የኋላ ወንበር ጥግ ተወሸቅሁ። አዘዞን አልፈን ወደ ከተማው ስንወጣ ሰው ይወርዳል፣ ወዲያው ሌላ ሰው ይተካል። ደብተር የያዙ ተማሪዎች አሉ። የታመመች እናቱን ደግፎ ሆስፒታል የሚወስድ ወጣት አለ። ጆንያ እግሯ ሥር ያስቀመጠች ሴት አለች። ከኋላ «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር ፊት ያሉት ሁሉ ተነስተው መሬት ይወርዳሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። እናትየውም ከእነሱ ጋር ትወርዳለች፤ ትወጣለች። ልጇ ክንዷን ይዞ «አይዞሽ እማ፣ ደረስን» ይላታል። ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ይህ ሁሉ ሰው የሚሄደው በአንድ መስመር ነው። አዘዞ፣ ማራኪ፣ መናኸሪያ፣ ፒያሳ። ሰፊ በር ያለው፣ ዝቅ ብሎ የሚቆም መኪና ቢኖር ይህቺ እናት ከመቀመጫዋ የምትነሳው አንዴ ብቻ ነበር።

ማራኪ ወረድኩ። ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቁኛል። ቤት ስንገባ ባለቤታቸው እትዬ ቡና ቆልተው ጨርሰዋል። አቦሉን እንደጠጣን ጋሼ አንድ አሮጌ ፖስታ አመጡ። ከውስጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወጣ። መሬቱን በረዶ ሸፍኖታል። ካፖርት የለበሱ ሦስት ሐበሾች ከረጅም አውቶቡስ ጎን ቆመዋል። መሃል ላይ ያሉት ቀጭኑ ልጅ ጋሼ ናቸው።

«ኢካሩስ 280 ነው» አሉኝ። «ሃንጋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ማምረት ጀመሩ። 16 ሜትር ተኩል ይረዝማል። አራት በር አለው፣ ሁሉም ሰፋፊ። ከ60,000 በላይ ሠርተዋል። አብዛኛው ሶቭየት ኅብረት ገባ። ስለዚህ ሞስኮ የተማረው ጓደኛዬም፣ ላይፕዚግ የተማረውም፣ እኔም የምናወራው ስለ አንድ አውቶቡስ ነው።»

እውነታቸውን ነው። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ሲገናኙ እሰማቸዋለሁ። አንዱ በሩሲያኛ ይቀልዳል፣ ሌላው በጀርመንኛ ይመልሳል። አውቶቡሱ ሲነሳ ያሰማው የነበረውን የሞተር ድምፅ ግን ሁሉም በአፉ ያወጣዋል።

የጋሼ መስመር 7 ቁጥር ነበር። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለው ከገሌርት አደባባይ ይሳፈራሉ። ዳኑብን በኤርዤቤት ድልድይ ተሻግረው እስከ ኬለቲ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ብርዱ ሲጠና መውረድ ያስጠላቸው እንደነበር ነገሩኝ። «ሰማያዊ ነበር አውቶቡሱ። ፊተኛው በር ላይ ቆመሽ ኋላ ያለውን ሰው አታይውም፤ ሰው ሞልቶታል። አንድ ቀን ከወዲያኛው ጫፍ በአማርኛ ሲያወሩ ሰማሁ። ሰው እየገፋሁ፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ ሄድኩ። ሁለት የጎጃም ልጆች ናቸው። እስከ ዛሬ ጓደኞቼ ናቸው።»

ቶናው ሲቀዳ ድምፃቸው ዝግ አለ። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ካለ ጓደኛቸው ደብዳቤ መጣላቸው። ቤት እስኪደርሱ መታገሥ አልቻሉም። መጋጠሚያው ጋ፣ ክቡ ወለል ላይ ቆመው ከፈቱት። ድርቁ የጓደኛቸውን ቤት ምን እንዳደረገው እዚያ አነበቡ። አንዲት አሮጊት ሲያለቅሱ አይታ ከመቀመጫዋ ተነሳችና አስቀመጠቻቸው። ቋንቋ አልተለዋወጡም። «መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ሄድኩ» አሉ። እትዬ ሲኒውን ይዘው ዝም ብለው ይሰማሉ። ይህን ታሪክ እሳቸውም የሰሙት ዛሬ ነበር መሰለኝ።

ዓርብ

ጠዋት ከጋሼ ጋር ፒያሳ ወጣን። ዓላማችን አንድ ነው፤ ረጅሙ አውቶቡስ እዚህ ይዞራል ወይስ አይዞርም?

የጎንደር ፒያሳ የጣሊያን እጅ ያረፈበት ነው። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ክብ ክብ ማዕዘን ያላቸው ሕንፃዎች ከ1928 እስከ 1933 ባለው የወረራ ዘመን የመጡ ናቸው። ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር ከሁሉም ዘግይቶ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣሊያን ትቷቸው በሄዱ ጥቂት የጭነት መኪኖች ነው። ለጎንደር ሕንፃው ቀረ፣ ለሸገር መኪናው ቀረ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «ለእኛም ሁለት መኪና ቢተዉልን ኖሮ» አሉ። ከልባቸው ነው የተናገሩት።

አንድ ማዕዘን ላይ ቆመን ብዙ ቆየን። የጭነት መኪና ሲታጠፍ፣ ሚኒባስ ሲቆም፣ ባጃጅ በመሃል ሲሾልክ እናያለን። ጋሼ በከዘራቸው መሬት ላይ ይስላሉ።

«ሰው ረጅም ስለሆነ አይዞርም ይላል። ስህተት ነው። 12 ሜትር የሆነው አንድ ወጥ አውቶቡስ የሚዞርበት ክብ ውስጥ ተቀጣጣዩም ይዞራል። ወገቡ ይታጠፋላ! በዚያ ላይ የኢካሩስ የመጨረሻው አክሰል፣ ማለት ጎማዎቹ የተያያዙበት ዘንግ፣ ዝም ብሎ አይጎተትም። መጋጠሚያው ሲታጠፍ በብረት ዘንግ ይታዘዝና ጎማውን በተቃራኒው ያዞራል። ስለዚህ ጭራው ጥጉን ቆርጦ የእግረኛ መንገድ ላይ አይወጣም። ፊቱ የሄደበትን ይከተላል።»

«ሞተሩስ የት ነው?» አልኳቸው።

«ከፊተኛው ክፍል ወለል ሥር ተኝቷል። የሚያዞረው መሃለኛውን አክሰል ነው። የኋላው ክፍል ይጎተታል እንጂ አይገፋም። በኋላ የመጡት ዘመናዊዎቹ ሞተራቸው ጭራቸው ላይ ነው። ከኋላ ይገፋሉ። የሚገፋ ነገር ደግሞ በሚያዳልጥ መንገድ ወገቡ ያለ ልክ ሊታጠፍ ይችላል። ለዚያ መጋጠሚያው ላይ የሚቆጣጠር የዘይት ፍሬን ያስገቡበታል። ያ ሲበላሽ መኪናው አይንቀሳቀስም፤ መንቀሳቀስም የለበትም።»

አንድ ሊስትሮ ልጅ ሥራውን ትቶ ያዳምጠናል። «አባባ፣ መቼ ነው የሚመጣው?» አላቸው። ጋሼ የሚሉት ጠፋቸው። ጫማቸውን አስጠረጉና ጥሩ ጉርሻ ሰጡት።

ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ፋሲል ግቢ ገባሁ። ስለ ግንቡ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ፤ ዩኔስኮ ግቢውን እ.ኤ.አ. በ1979 መዘገበው። ዛሬ የያዘኝ የበሮቹ ነገር ነው። 900 ሜትር ያህል የሚሆነው ቅጥር 12 በሮች ነበሩት። እምቢልታ በር፣ ተስካር በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር። ስማቸው ራሱ ማን በየት እንደሚገባ ይናገራል። የነፊው በር የነፊው ነው፣ የመኳንንቱ የመኳንንቱ። ታዲያ ያ አራት በር ያለው አውቶቡስ ትዝ አለኝ። ዶክተሩም፣ ተሸካሚውም፣ ተማሪውም ደጃፉ ጋ ያገኙትን በር ይዘው ይገባሉ። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ሁሉም ያው መሃል ላይ ይገናኛሉ። እኔ በሥራ ዓመቶቼ ከአለቃዬ ጋር ፊት ለፊት ያወራሁት ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ተቀጣጣዩ ውስጥ ነው። እሳቸውም ቆመው ነበር።

ከግቢው ስወጣ ጃን ተከል ዋርካው ሥር አረፍ አልኩ። ታክሲ ተራ ላይ ሰው እየበዛ ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሷል። አንድ ሚኒባስ ሲመጣ ሃያ ሰው ይሮጣል። ከሃያው የሚገባው ጉልበት ያለው ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከሩጫው ራቅ ብላ ቆማለች። ከአሁን አሁን ትገባለች ብዬ ስጠብቅ መሸ። በመጨረሻ ባጃጅ ኮንትራት ይዛ ሄደች። ለባጃጅ የከፈለችው ለአንድ ሳምንት ታክሲ ይበቃት ነበር።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። እትዬ በርበሬ ሊያዩ ነበርና አብረን ወጣን።

ገበያውን በሁለት ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይቻልም፤ ግን ዛሬ ዓይኔ ሸክሙ ላይ ነው። ከደምቢያ በኩል የመጣ ሽንብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሳፋ። ገዝቶ የሚመለስ ሰው ሁሉ እጁ ሙሉ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ለዚህ ሁሉ ቦታ የለም። ጆንያ የያዘች ሴት ለራሷም ለጆንያዋም ትከፍላለች። አንዲት የአዘዞ እናት ስታስረዳኝ «ልጄ፣ ሽንብራዬ እንደ ሰው ይከፍላል፣ እንደ ሰው ግን አይቀመጥም» አለችኝ። ተቀጣጣዩ ውስጥ ከመጋጠሚያው ጎንና ጎን ባዶ ቦታ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የመርካቶ ዕቃ እዚያ ይደረደራል። ሰው ተደግፎት ይቆማል። ባለቤቱ ስትወርድ ሁለት ሦስት እጅ ያወርድላታል።

እትዬን ወደ ቤት ሸኝቼ መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ቤት ገባሁ። ከሹፌሮች ጋር ማውራት ነበረብኝ። እነሱን ሳልሰማ ስለ ትልቅ አውቶቡስ ብቻ ማዳነቅ ነውር መሰለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው የሚኒባስ ሹፌር ወደ አርባ ዓመት ይሆነዋል። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግረው አልሳቀም። ሻዩን አስቀመጠና አሰበ።

«እኔ 12 ሰው እጭናለሁ» አለ። «አንድ የከተማ አውቶቡስ ስንት ይጭናል?»

«የአንበሳው ተራ አውቶቡስ 30 ተቀምጦ 70 ቆሞ፣ መቶ ሰው ይባላል። ተቀጣጣዩ ከዚያ ይበልጣል።»

«ከመቶ በላይ ሰው በአንድ ሹፌር። የእኔ ዓይነት ከስምንት ታክሲ በላይ ማለት ነው። ስምንት ሹፌር፣ ስምንት ረዳት። አሥራ ስድስት ቤተሰብ። እነዚህ ምን ይበላሉ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ለእኔ የተሻለው መንገድ ትልቁን አውቶቡስ ዋናው መስመር ላይ አድርጎ ሚኒባሱንና ባጃጁን ከዋናው ወደ ውስጥ ሰፈሮች ማሰማራት ነው። አሁን አስፋልት ዳር ወርዶ ዳገቱን በእግሩ የሚወጣ ስንት ሰው አለ! ይህን አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «መጀመሪያ ያንን በጽሑፍ ይስጡን። ከዚያ አውቶቡሱን ያምጡት» አለኝ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር።

ከጎናችን ያለችው ወጣት ነርስ ናት። አዲስ አበባ ተምራለች። የእኛን ወሬ ሰምታ ገባችበት። «እኔ እኮ መሃሉ ላይ ቆሜ ነው ለፈተና ያጠናሁት» አለች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆና ከተማው ያስፈራት ነበር። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሲጮህባት የምትወርድበት ይጠፋታል። ትልቁ አውቶቡስ ግን ፌርማታው የታወቀ ነው። ማንም አይጮህባትም። ቆማ ታነባለች፣ ይደርሳል። «ጎንደር ተመልሼ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የናፈቀኝ እሱ ነው» አለች። የምትሠራው ሆስፒታሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ከደምቢያ፣ ከአርማጭሆ፣ ከዳባት ሕመምተኛ ይመጣበታል። የሌሊት ተረኛ ስትሆን ጨለማ ሳይወርድ ከቤት እንደምትወጣ ነገረችኝ። ከመሸ ታክሲ አታገኝም።

እሑድ

ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳምን። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ሁሉም ዓይናቸውን ከፍተው ያያሉ። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ረጅም ሰዓት ቆሙ። ስለ አውቶቡስ አላወራንም።

ከቁርስ በኋላ በባጃጅ ጎሃ ተራራ ወጣን። ከሆቴሉ በረንዳ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች። ግንቦቹ ከዛፍ መሃል ይወጣሉ። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ የሚወርደው መንገድ እንደ መቀነት ተዘርግቷል። ሰፈሮቹ በግራና በቀኝ ተለጥፈውበታል። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ጎንደር ለረጅም አውቶቡስ የተሠራች ትመስላለች። ይህን የምለው ስለምወዳት ብቻ አይደለም። በየአቅጣጫው የተበታተነ ከተማ ብዙ ትናንሽ መስመር ይፈልጋል። በአንድ ጎዳና ላይ የተደረደረ ከተማ ግን ሕዝቡን በአንድ መስመር ማንሳት ይችላል። ብራዚል ውስጥ ኩሪቲባ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ በዚህ መንገድ ነው የታወቁት። ለአውቶቡስ ብቻ መንገድ ከለሉ፣ ተቀጣጣዩን አሰማሩበት። ቦጎታ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

ጋሼ ግን ዛሬ መሐንዲስ ሆነዋል። ዳገቱን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«እዚህ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ይሳሳል። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ቡዳፔስት ሜዳ ላይ የተመቸው መኪና ከአዘዞ ሙሉ ጭኖ ሲወጣ ያቃስታል። ስለዚህ ሞተሩ ለከፍታ የተመረጠ ይሁን። ይህ አንድ። ሌላው ላስቲኩ ነው። ሽንሽኑ ፀሐይና አቧራ አይወድም፤ ይሰነጠቃል። በበጋ አቧራው ተሳፋሪው ላይ ይነፋል፣ በክረምት ዝናቡ ይገባል። መለዋወጫው ከአውቶቡሱ ጋር አብሮ ካልተገዛ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዛፍ ሥር ይቆማል።»

«ጋራዡስ?»

«እሱን ማንም አያስብም!» ድምፃቸው ከፍ አለ። አስተናጋጁ ዞር ብሎ አየን። «የጋራዥ ጉድጓድ ለ12 ሜትር መኪና ይቆፈርና 16 ሜትር ተኩል መኪና ይመጣል። ፊቱን ሲጠግኑ ጭራው ውጭ ዝናብ ይመታዋል። ማጠቢያው ይጠብባል። ሲበላሽ የሚጎትተው መኪና የለም። ረጅም አውቶቡስ ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ረጅም ጋራዥ ይሥራ። መካኒኩን ያሠልጥን። ሹፌሩን ወገቡ እንዴት እንደሚታጠፍ ባዶ ሜዳ ላይ ለወራት ያለማምደው።»

ይህን ሲናገሩ ተማሪዎቻቸው ፊት የቆሙ መሰለኝ። የዕድሜ ልክ ቁጭት ነው። ይህን ሁሉ ተምረው መጥተው አንድም ቀን የሚጠግኑት ተቀጣጣይ አውቶቡስ አላገኙም። ለተማሪዎቻቸው በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይስሉላቸው ነበር።

ተቀጣጣዩ በሁሉም ከተማ አልቀናውም። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተቀጣጣዮችን አስገባች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ሁሉንም ከመስመር አወጣች። ለመንገዶቿ ረዘሙ፣ ለብስክሌተኛው አሰጉ ተባለ። ይህን ለጋሼ ሳነሳባቸው አልተቆጡም። «ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እኔም አላስገባውም። ቀበሌ ለቀበሌ እንዲዞር አይደለም የምለው። ዋናው አስፋልት ላይ ብቻ» አሉ።

ስለ ጥምቀትም አነሳን። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በሙሉ በእግሩ ነው። በዚያ ቀን ምንም አውቶቡስ አያስፈልግም፤ መንገዱ የሕዝቡ ነው። ችግሩ ከየአቅጣጫው የሚመጣው እንግዳ ነው። አዘዞ ደርሶ ከተማው ውስጥ ለመግባት ግማሽ ቀን የሚጠብቅ አለ። እትዬ ባለፈው ዓመት እንግዶቻቸው በእግር መጥተው እግራቸው አብጦ እንደነበር ነግረውኛል።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቡዳፔስት የመጨረሻዎቹን ኢካሩስ 280 አውቶቡሶች ከአገልግሎት ስታወጣ የተቀረጸ ነው። ሕዝቡ በየፌርማታው ቆሞ ፎቶ ያነሳል። ሽማግሌዎች እያውለበለቡ ይሸኛሉ። አንድ ሹፌር ጥሩምባ እየነፋ ያልፋል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው አገልግሎት ነው። ጋሼ ቪዲዮውን ደገሙት። «እዚያ ብሆን ኖሮ እኔም እቆም ነበር» አሉ። አምናቸዋለሁ። ከጎናቸው እኔም እቆም ነበር።

ሰኞ

ዛሬ ወደ ባሕር ዳር ነው የምሄደው፤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋሼ ሊሸኙኝ መናኸሪያ ድረስ መጡ። መኪናው እስኪሞላ ሻይ ቤቱ ገባን። የቅዳሜው ሹፌር ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ከሩቅ አየኝና ተነስቶ ለጋሼ ወንበር ለቀቀ።

ጋሼ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። መስመሩን ስለውታል። ከአዘዞ ጀምሮ እስከ ፒያሳ፣ ፌርማታ በፌርማታ፣ በቀጭን እርሳስ። ማዞሪያው የት እንደሚሆን፣ የትኛው ዳገት ላይ ፌርማታ እንደማይደረግ በጎኑ ጽፈዋል። ሙሉ የጫነ ረጅም መኪና ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ይከብደዋልና።

ሹፌሮቹ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። በየቀኑ የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ወዲያው ክርክር ተነሳ። አንዱ ማራኪ ላይ ያለው ፌርማታ ወደ ካምፓሱ በር ይጠጋ አለ። ሌላው አይሆንም፣ በሩ ጋ ተማሪው መንገድ ያቋርጣል፣ አደጋ ነው አለ። ሦስተኛው የመናኸሪያው ፌርማታ ከበሩ በታች ካልሆነ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ሲወጣ ይዘጋል ብሎ ድርቅ አለ። ጋሼ እያንዳንዱን ይሰማሉ። አንዳንዱን ይቀበላሉ፣ አንዳንዱን በከዘራቸው ጠረጴዛውን መታ እያደረጉ ይሞግታሉ። «ተማሪው የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ መሻገሪያ ይሠራል እንጂ ፌርማታው አይሸሽም!»

የእኔ መኪና ረዳት «ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረ!» እያለ ይጣራል። ሻንጣዬን አንስቼ ጋሼን ሳምኳቸው። «በይ ደህና ግቢ፣ እናትሽን ሳሚልኝ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ መለሱ።

የቅዳሜው ሹፌር ጣቱን ሆስፒታሉ ላይ አድርጓል። «ጋሼ፣ አንቱ እዚህ አንድ ፌርማታ ብቻ ነው ያደረጉት። ድንገተኛው በአንድ በኩል ነው፣ የወሊዱ በሌላ በኩል። የታመመ ሰው ምን ያህል ይራመዳል?»

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ጎተቱ። እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አንስተው ሁለተኛውን ነጥብ አስቀመጡ።